ጥርሳም ጉማሬ

እኛ በረዶን የምናውቀው ሐምሌ ላይ ቆርቆሮ ሲደበድብ ነው፤
የሰማይ ቆሎ፣ ሮጠን ለቅመን ሳንቆረጥመው የሚያልቀው።

ዛሬ ግን ከሽምብጥ፣ ከዓሣ ሻጯ ከእትዬ ውባለም ማቀዝቀዣ
በቲማቲም ጣሳ ያረጋሁትን ውኃ
በባጃጅ ታቅፌ መጣሁ፣ ጭኔ እስኪደነዝዝ ድረስ።
ሾፌሩ "ቲቸር፣ ድግስ አለ እንዴ?" ቢለኝ
"ነጭ ድብ ልጋብዝ ነው" አልሁት።
በመስታወቱ አጮልቆ አየኝና
መልሴን ሳይሰጠኝ ተፈተለከ።

ሠላሳ አንድ ልጅ በአንድ ክፍል፤ ከሐይቁ የሚመጣ የደንገል ሽታ፤
ከጣሪያው ቀዳዳ ወለሉ ላይ የወደቀች የፀሐይ ሳንቲም።
ድቡን በሥዕል ባሳያቸው፣ "በግ ነው" አለች ሶልያና።
"በግማ እንዲህ አይተልቅም፤ ጅብ ነው፣ ዱቄት የተደፋበት"
አለ ምንተስኖት፣ ተነሣና።

ባዘቶ ዘረጋሁ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣
ከስኳር ኬሻ የቀደድኋትን ቀበሮ ቀበርሁበት።
"ፈልጉ!" ስል ጥጡ ጤፍ እንደሚወቃበት አውድማ ተናጠ።
ያጋለጠቻት አፍንጫዋ ናት፣ በከሰል የነካኋት፤
ነጩን በነጭ የሸሸገ ጌታ
ያቺን አንዲት ነጥብ ረስቶባት።

"የረጋ ወተት ቅቤ ይወጣዋል" ይላል ያገራችን ሰው፤
ቅቤማ በዚህ ኑሮ ማን ደፍሮ ሊቀምሰው!
በሁለት ፌስታል መሐል የሚረጋ ዘይት ለቅልቄ ጓንት ሠራሁ፤
አንዱን እጅ ባዶውን፣ አንዱን በጓንቱ
ከበረዶው ሳፋ ነከርን።
ባዶው "ወይኔ!" ብሎ ወጣ፤
የወፈረው ዝም አለ፣ ጋቢ እንደ ደረበ ሀብታም በክረምት።
"አቆስጣ እንዲህ ነው" አልኋቸው፣ "ስቡን ለብሶ ነው የሚዋኘው"፤
ስሙን እኔም የማውቀው፣ ቄሱ ሲያነቡ፣ ከቁርበቱ ጋራ ነው።

ከዚያ የመጣው እንስሳ ስም አጣሁለት።
ጥርሱ እስከ ደረቱ፣ ጢሙ መጥረጊያ፣ ቆዳው ያልተተኮሰ ካፖርት፤
መዝገበ ቃላቱን ገለባበጥሁ፣ የለም።
ምን ላድርግ? ሁለት የሸምበቆ ቁራጭ ባፌ ሰካሁ፣
በሆዴ ተኛሁ፣ ወለሉ ላይ እየተንፏቀቅሁ አጓራሁ፤
ርእሰ መምህሩ በመስኮት አልፈዋል፣ አላየሁም አልሁ።

አንለይ፣ የታንኳ ሠሪው ልጅ፣
ሌሊት ካባቱ ጋር መረብ ሲስብ አድሮ ከኔ ዘንድ የሚያንቀላፋው፣
አንድ ዓይኑን ገለጠ።
"ጥርሳም ጉማሬ!" አለ።
ክፍሉ ፈረሰ። ስሙም በዚያው ጸደቀ።

ግን አልተኛም መልሶ።
"ቲቸር፣ ሐይቁ ከረጋ ታንኳ በምን ይሄዳል?"
"በእግር ነው የሚሄዱት" አልሁት።
"ሐይቅ ላይ? በእግር?"
እንዲህ ያለ ትዝብት በአምስት ዓመት ልጅ ዓይን አይቼ አላውቅም።

ሲለቀቁ፣ ሎሚ የምታህል በረዶ ቀርታ ነበር።
"ላባቴ ላሳየው" አለኝ። በፌስታል ቋጥሬ ሰጠሁት፤
ከሽምብጥ እስከ ዳርቻው ያለውን መንገድ፣
የቀትሩን ፀሐይ፣ የልጁን የጋለ መዳፍ
ሳላሰላ።

በማግሥቱ አባትየው በር ላይ ቆመ፣ ትከሻው ላይ እርጥብ ደንገል።
"መምህርት፣ ልጁ ውኃ ቋጥሮ አምጥቶ፣
'ይኼ ድንጋይ ነበር' ይለኛል። እውነት ነው?"
"እውነት ነው።"
"ውሸታም ብዬ ቆንጥጨዋለሁ።"
ሁለታችንም ዝም አልን። ማዶ፣ ከሸምበቆው ሥር
አንድ ጉማሬ ተነፈሰ።

አባትየው ደንገሉን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ፣
ሊሄድ ዞሮ ደግሞ ተመለሰ፦
"ያ ጥርሳሙ ግን... መረብ ይበጥሳል?"
"አገሩ ሩቅ ነው" አልሁት።
"እሱስ ይሁን፤ እግዜር ከቅርቡ ያውጣን" ብሎ
ልጁን ፈልጎ ወደ ክፍል ገባ፣
ጫማውን በር ላይ አውልቆ።